«ስንት ኩሽኔታ አለው?» ለሚሉኝ

«ዋግ ላይ ተቀምጠህ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ሪል ትጽፋለህ? አገሩ እኮ ደረቅ ነው!»

ካርታውን ሳታይ አትፍረድ ወንድሜ። ካርታው ላይ ጽጽቃን ፈልጋት፤ የዝቋላ ወረዳ ከተማ ናት። ዝቋላ ስልህ የሸዋውን ተራራ ይዘህ እንዳትወጣብኝ፤ የዋጉን ነው የምልህ። ከደጋው ተነሥተህ ቆላ ቆላውን ብትወርድ መጨረሻህ ተከዜ ነው። ጥራሬን ጨምሮ የዋግ ውሃ ሁሉ መሄጃው እዚያው ነው። ተከዜ ላይ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ ግድብ አለ። ቁመቱ 188 ሜትር ነው፤ ሲመረቅ በአፍሪካ ካሉት የቅስት ግድቦች ሁሉ ረጅሙ ነበር። 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ሲሆን፣ ከኋላው የተኛው ሐይቅ ሲሞላ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ይይዛል። ዝናብ አጠረው ማለት ውሃ የለውም ማለት አይደለም። ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ነጭ ዓሣ አለ።

«ቢኖርስ? ዓሣ ማጥመድ ሥራ የፈታ ሰው መዝናኛ ነው።»

ለማን? ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ቃል ገብቷል፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት። የቃል ኪዳኑ ስም ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ከአገሩ ከተሞች ሁሉ ስሙን የወሰደው ከእኛዋ ከተማ ነው፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ ልጅ ያሳደገ የዋግ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንቁላልና ወተት በማይበረክትበት ቤት አንድ ቆሮሶ ሽሮው ላይ ሲጨመር ምን ማለት እንደሆነ ለእናት አይነገራትም። እኔ የምጽፈው ስለዚያ ማዕድ ነው። ሪሉ መንገዱ ነው።

«ጦርነትና ድርቅ ባደቀቀው አገር ሪል ግዙ ማለት አያሳፍርም?»

ይህን የሚለኝን ሰው አከብረዋለሁ፤ መልሱም ረጋ ያለ ነው። ጦርነቱ አለፈ ስንል በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ሰሀላ ሰየምትን፣ ዝቋላንና አበርገሌን መታ፤ ከብት አለቀ፣ ሰው ለዕርዳታ ተሰለፈ። ዝናብ ሲቀር ማሽላው ይቀራል፤ ሣሩ ይቀራል፤ ፍየሏ ትከሳለች። ሐይቁ ግን በእነዚያ ዓመታትም ዓሣ ነበረው። በክፉ ዘመን የማይከዳ ምግብ አጠገባችን ካለ፣ እሱን ማውጫው መሣሪያ ደህና እንዲሆን መጨነቅ ምኑ ያሳፍራል? ሦስት ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ ሪል ቢገዙ፣ ተራ ቢገቡ፣ የጠዋቱን አንዱ የማታውን ሌላው ቢይዝ፣ ወጪው ለአንድ ቤት ሸክም አይሆንም። የሚያሳፍረው ያለችውን ገንዘብ በሁለተኛው ሳምንት በሚሰበር ዕቃ ላይ ማስጨረስ ነው። አታላዩ ዕቃ ብዙ ስለሆነ ነው ነገሩን ዘርዝሬ የምጽፈው።

«መረብ እያለ ዘንግና ሪል ምን ያደርጋል?»

መረብ ጀልባ ላለው ነው፤ ማኅበር ላለው ነው፤ ሲቀደድ የሚጠግንበት ቀን ላለው ነው። አንተ ያለህ ከብቱን ካሰማራህ በኋላ የምትተርፍህ ሰዓት ናት፤ ለእሷ ልክ የሚሆነው ዘንግ ነው። ደግሞ ዓይኑ የጠበበ መረብ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ጣናን ጠይቅ። የጣና ነጭ ዓሦች እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ መረብ እየጠበቃቸው ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ከእነሱ መካከል አብዛኞቹ ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። መንጠቆ ግን አንድ አንዱን ነው የሚያወጣው፤ ትንሿ ከመጣችብህ ነቅለህ ትመልሳታለህ። በሕጋዊ መረብ የሚሠራውን ማኅበር እግዜር ይባርከው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም።

«እኛ ዘንግም ሪልም ሳያስፈልገን ናይለኑን በእጃችን ወርውረን እናወጣ የለም እንዴ?»

ታወጣላችሁ፤ እግራችሁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ። ተከዜ አዞ አለበት። በእጅ የተወረወረ ናይለን ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ ልጁ ዓሣው ካለበት ሊደርስ ወደ ውሃው ይጠጋል፣ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ፣ ከዚያም ጉልበቱ ድረስ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት እዚያ ቦታ ቆሞ ላሰበው ሰው ዘንዶው አዞ ነው። ሪል የያዘ ሰው ከዳሩ አሥር እርምጃ ርቆ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሞ 30 እና 40 ሜትር ይወረውራል። ለሪል አንድም ሌላ ጥቅም ባይኖረው ይህ ብቻ ለእኔ በቂ ነበር። ሁለተኛው የመዳፍህ ነገር ነው፤ ትልቅ አምባዛ ሲሸሽ ባዶ እጅ የያዘውን ናይለን መልቀቅ ወይም መቆረጥ ነው ምርጫው። ሪል ፍሬን አለው። ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየለቀቀ፣ ሲደክም እየሰበሰብክ ታመጣዋለህ።

«የፈረንጅ መጫወቻ!»

የፋብሪካ ልጅ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. የዚህን ዓይነት ሪል የፈጠራ መብት ያስመዘገበው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ ብራድፎርድ በምትባል የእንግሊዝ የጨርቅ ከተማ የፈትል ፋብሪካ የነበረው ሰው ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ሪሎች ክሩ ሲወጣ ክሩ የተጠመጠመበት ማጠንጠኛ ራሱ ይሽከረከር ነበር፤ ቀላል መንጠቆ ያንን የማሽከርከር ጉልበት የለውም፤ ስለዚህ አጠገብህ ይወድቃል። እሱ ማጠንጠኛውን አቆመው። ክሩ ከቆመው ማጠንጠኛ አናት ላይ እየተፈታ ያለ አንዳች ጎታች ይሄዳል። ከእንዝርት ጫፍ ላይ ፈትል ስትፈታ የኖረች የዋግ እናት ነገሩን እንዲህ ነው ሳይሏት ትረዳዋለች።

አሁን ወደ ዋናው።

«ስንት ኩሽኔታ አለው?»

ብዙ ሰው የከሰረው በዚህ ጥያቄ ነው። ሻጩ ሰው ቁጥር እንደሚወድ ያውቃል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «12+1»፣ «13+1» ብሎ በትልቁ ይጽፋል። ኩሽኔታዎቹ የት የት እንደተሰኩ ግን አይጽፍም። ሥራ ያለባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ዋናው ማርሽ በግራና በቀኝ የሚያርፍባቸው ሁለት አሉ። የፊተኛውን ክፍል የሚያሽከረክረው ትንሹ ማርሽ የሚያርፍበት አለ። ክሩ የሚያልፍባት ትንሽ ተሽከርካሪ ውስጥ አንድ ቢኖር ጥሩ ነው። «+1» የሚሉት ደግሞ እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ነው። ርካሽ ሪል ላይ ከዚህ በላይ የምታየው አብዛኛው ቁጥሩን ለማሟላት የገባ ነው።

ባጃጅ የሚጠግነውን ጎረቤትህን ጠይቀው፤ ብዛት ይሻላል ወይስ ጥራት ብለህ። ሳቁን ሰምተህ መልሱን ታገኛለህ። አራት ደህና ኩሽኔታ ያለው ሪል አሥራ ሦስት ዝገት ወዳዶች ከተጠቀጠቁበት ይበልጣል። ዋጋው ዝቅ ብሎ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሪል ሲያሳዩህ አንተም መልሰህ ጠይቅ፦ ለእነዚህ ሁሉ ኩሽኔታዎች የወጣው ገንዘብ ከየት ተቀነሰ? ከማርሹ ነው፤ ከፍሬኑ ነው፤ ከአካሉ ነው። ሻጩ ዝም ካለ ዝምታውን እንደ መልስ ውሰደው።

«ታዲያ ምኑን አይቼ ልግዛ?»

በዓይንህ አትግዛ፤ በጣትህ ግዛ። መጀመሪያ እጀታውን ያዝ። ሁለት ዓይነት አሉ። አንዱ ራሱ ጥርስ ኖሮት ማርሹ ውስጥ በቀጥታ ተጠምዝዞ ይገባል። ሌላው ማዕዘን ያለው ብረት ሆኖ በማርሹ መሐል ያልፍና በወዲያ በኩል በቪቴ ይታሰራል። ሁለተኛው ዓይነት ቶሎ ይላላል፤ ላልቶ ሲንገጫገጭ ደግሞ ማርሹን አብሮ ይበላዋል። በአንድ እጅህ የፊተኛውን ክፍል ግጥም አድርገህ ይዘህ በሌላው እጀታውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቀው። ጥቂት ቢንቀሳቀስ ደንብ ነው፤ ከተንጓጓ ግን መልሰህ አስቀምጠው።

ቀጥሎ ክሩን ወደ ማጠንጠኛው የሚመራውን የሽቦ ቀስት ክፈትና ዝጋ። ሽቦው ወፍራም ይሁን፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ሞላው ቆርጦ ይያዝ፤ መሐል መንገድ ላይ የሚያመነታ ከሆነ ወርውረህ ሳለ ይዘጋብህና ክሩ ይበጠሳል። ከዚያ ከጋቢህ ጫፍ አንድ ፈትል ምዘዝ። ከቀስቱ ሥር ባለችው ትንሽ ተሽከርካሪ ላይ አሳልፈህ ጫን እያልክ ጎትት። ተሽከርካሪዋ ከፈትሉ ጋር መዞር አለባት። ቆማ ፈትሉ ላይዋ ከተንሸራተተ፣ ዕድሜ ልኳን ናይለንህን ስትሞርድ ትኖራለች፤ አንተም ዓሣ ባመለጠህ ቁጥር ናይለኑን ትረግማለህ። ይህች ትንሽ ነገር ምን ያህል ናይለን እንደምታስጥል ሻጩም አይነግርህም፤ ሳጥኑም ላይ አልተጻፈም።

ሦስተኛው ፍሬኑ ነው፤ እሱን ለብቻው እናየዋለን፤ ምክንያቱም ተከራካሪው መጥቷል።

«የኔ ሪል ፍሬኑ 15 ኪሎ ይይዛል!»

ናይለንህስ ስንት ይይዛል? «6 ኪሎ።» ዘጠኙ ኪሎ ታዲያ ለማን ነው? ፍሬኑ የሚጠብቀው ከክሩ ጉልበት ሲሶ ወይም ሩብ ላይ ነው። ቋጠሮው ክሩን ያዳክመዋል፤ ዘንጉ ሲጎብጥ መፋተጉ ይጨምራል፤ ዓሣው ደግሞ በድንገት ነው የሚፈናጠረው። ስለዚህ በ6 ኪሎ ናይለን የምትጠቀምበት ፍሬን ቢበዛ 2 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ለአንተ ሥራ የለውም። ሥራ ያለው ነገር ፍሬኑ በ2 ኪሎ ላይ እንዴት ይለቃል የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ሱቅ በር ላይ መፈተን ይችላል።

ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ ያዝ፤ 2 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ዘንግ አያስፈልግህም። ሪሉን በእጅህ ይዘህ የክሩን ጫፍ ሃይላንዱ አንገት ላይ ቋጥር። ፍሬኑን ጥቂት ጥቂት እያጠበቅህ ወደ ላይ አንሣ፤ ሃይላንዱ ከመሬት ተነሥቶ ወዲያው ክሩን እየሳበ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር እዚያ ላይ አቁም። አሁን አወራረዱን ተመልከት። ደህና ፍሬን ሃይላንዱን ሳያንገጫግጭ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ዝግ አድርጎ ያወርደዋል። መጥፎው ይይዘዋል፤ ከዚያ ድንገት ይለቀዋል፤ እንደገና ይይዘዋል። እያንዳንዱ መያዝና መልቀቅ ውሃው ላይ ሲሆን አንድ መበጠስ ነው። ደግመህ አንሣው፤ ደጋግመህም አውርደው። ሲሞቅ ባሕርዩ የሚለወጥ ፍሬን አለ፤ በመጀመሪያው ጨዋ ሆኖ በኋላ የሚያንገጫግጭ። ለቆሮሶ ብቻ በ3 ኪሎ ናይለን የምትሠራ ከሆነ ሃይላንዱን ባለ 1 ሊትር አድርገው።

ሻጩ ይህን እንዳታደርግ ከከለከለህ ቀላል ነው፤ ሌላ ሱቅ አለ።

«ትልቁን ስጠኝ» የሚለውና «ትንሹ ይቀለኛል» የሚለው ሁለቱም መጡ።

ሁለታችሁም ተቀመጡ። ሪሎች በቁጥር ይጠራሉ፤ 1000፣ 2500፣ 3000፣ 4000 እየተባለ። ቁጥሩ ሲያድግ ሪሉ ይተልቃል፤ ከአምራች አምራች ትንሽ ይለያያል እንጂ። 1000 ለትናንሽ ዓሣ ነው። 2500 እና 3000 ለቆሮሶና ለነጭ ዓሣ ልክ ናቸው። 4000 አምባዛን ይችላል። ከ5000 በላይ ያለው ብዙው የባሕር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስትወረውረው ክንድህን ይጥልሃል። ሁለት የመግዛት አቅም ያለው ሁለት ይግዛ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን እኔ 4000 እላለሁ፤ ብዙ የውጭ መካሪ 2500 ወይም 3000 እንደሚል እያወቅሁ። ቆሮሶን በ4000 ታወጣዋለህ፤ 10 ኪሎ አምባዛን በ1000 አታወጣውም። አምባዛ ደግሞ በአገራችን ውሃዎች 10 ኪሎን ሲያልፍ ብርቅ አይደለም።

«5.2:1 የሚለውስ?» እጀታውን አንዴ ስታዞር የፊተኛው ክፍል አምስት ጊዜ ከምናምን ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጉልበት፣ ሲበዛ ፍጥነት። ከጥልቅ ውሃ አምባዛ ለምትጎትት 5 አካባቢ ያለው ይስማማሃል።

«ውድ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አለቀ!»

አላለቀም። የ200 ዶላር ሪል ውስጥ የከፈልከው ገንዘብ የት እንደገባ ልንገርህ። ክብደቱ በጥቂት ግራም ቀንሷል። አካሉ ጨዋማ ውሃ እንዳያስገባ ታሽጓል። ሰቆጣ ድሮ የአሞሌ ጨው መተላለፊያ ገበያ ነበረች፤ ተከዜ ግን ጨው አያውቅም። በሌለ ጨው ገንዘብ አትክፈል።

«እንግዲያው የ10 ዶላሩን!»

እሱንም አይደለም። የ10 ዶላሩ ማርሽ ለስላሳ ብረት ነው፤ አካሉ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ከባድ ዓሣ ሲጎትተው ይጣመማል፤ ማርሹና ማርሹ ከመገጣጠሚያቸው ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ መንቋቋት ብቻ ነው። ደህናው ነገር በውጭ ገበያ ከ30 እስከ 70 ዶላር ባለው ውስጥ አለ። የጃፓኑ ሺማኖ ሲዬናና ሴዶና የሚላቸው አሉት፤ በ1921 እ.ኤ.አ. ሳካይ ከተማ ውስጥ የብስክሌት ማርሽ በመሥራት የተነሣ ድርጅት ነውና ጥርስ መቅረጽ ያውቅበታል። የታይዋኑ ኦኩማ ሲይማር አለው። ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአሜሪካው ፔን ፐርሱት አለው። ዳይዋም በዚህ ዋጋ የሚሸጣቸው አሉት። ከእነዚህ አንዱን ካገኘህ ስም አታማርጥ፤ የሃይላንዱን ፈተና ያለፈው ይበልጣል።

በብር ስንመነዝረው ከበድ ይላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላሩ መቶ ብርን ተሻግሯልና 30 ዶላር ማለት ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር ከሦስት ሺህ ብር በላይ ነው። ለዋግ ገበሬ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ የአበርገሌ ፍየል ተሽጦ የሚመጣ ገንዘብ ነው። ለዚህ ነው ከላይ ተባብራችሁ ግዙ ያልኩት።

«ክሩንስ?» ክሩ ላይ አትሰስት። 0.30 ሚሊ ሜትር ናይለን 6 ኪሎ አካባቢ ይይዛል፤ ለአምባዛ 0.35 ይሻላል። ማጠንጠኛውን ስትሞላ ከከንፈሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርለት። እስከ አፉ ከሞላኸው ናይለኑ በራሱ እየዘለለ ይወጣና ይተበተባል፤ ካጎደልከው ሩቅ አይሄድም። የተጎነጎነውን ቀጭን ክር የምታስገባ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጥቂት ዙር ናይለን ጠምጥምበት፤ አለበለዚያ ክሩ ሙሉውን በማጠንጠኛው ላይ ይንሸራተትና ፍሬኑ የተበላሸ ይመስልሃል።

«አያ፣ ያንተው ምክር ነው! ገዛሁ፤ ወሩ ሳይሞላ ተንቋቋ።»

ወንዙ ዳር ስታርፍ የት አስቀመጥከው? «አሸዋው ላይ።» በላ እንግዲህ፣ የተንቋቋው አሸዋው ነው። ቆላው አቧራ ነው፤ አሸዋ ማርሽ ውስጥ ከገባ የየትኛውም አገር ብረት አይችለውም። ዘንጉን የሚደግፍ ባላ እንጨት መሬት ላይ ትከል፤ ሪሉ መሬት አይንካ። ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፤ ወንዝ ውስጥ አትንከረው። ስታስቀምጠው ፍሬኑን አላላው፤ ተጨቁኖ ያደረ ፍሬን ውሎ አድሮ ያንገጫግጫል። ከወረወርክ በኋላ ቀስቱን በእጅህ ዝጋው፤ እጀታውን አዙሬ እዘጋዋለሁ እያልክ ሞላውን አትግደለው። ለማርሹ ጥቂት ግራሶ፣ ለትንሿ ተሽከርካሪ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታስጠጋው። ፍሬኑ ውስጥማ ዘይት የሚባል አይግባ።

«ልጄ፣ ብታወጡትስ ማን ይገዛችኋል? የዋግ ሰው ዓሣ አለመደም» ትለኛለች ምግብ ቤት ያላት እናት።

እትዬ፣ መጀመሪያ ቤት ይብላው። የቆላው ሙቀት ዓሣ አያሳድርምና ጠዋት የወጣው ለምሳ ይቅረብ፤ የተረፈው ተከፍቶ፣ ጨው ተነስንሶበት ቋንጣ ይሁን። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ በዐቢይ ጾም ሰሞን በከተሞቻችን የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ግን እርስዎም ያውቁታል። አንድ ቀን ጉላሽ አድርገው ይሞክሩት፤ ሰው የሚለምደው ሲቀርብለት ነው።

«ሕግ አለው ወይስ ዝም ብሎ ነው?»

አለው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። ለገበያ የምታወጣ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደህ የት፣ መቼና እንዴት እንደሚፈቀድ ጠይቅ። ጠይቆ የሚያጠምድ ሰው ሐይቁን የራሱ ያደርገዋል፤ ይጠብቀዋልም።

«በቃ ነገሩን አታርዝምብኝ፤ ውጭ አገር ያለ ዘመዴ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ምን ብዬ ልላክበት?»

እንዲህ ብለህ ላክበት፦ «ወንድሜ፣ ለጨው አልባ ውሃ የሚሆን ባለ 4000 ሪል አምጣልኝ፤ ከሺማኖ፣ ከዳይዋ፣ ከኦኩማ ወይም ከፔን አንዱ ይሁን፤ ከ70 ዶላር አትለፍ። ኩሽኔታውን አትቁጠር። እጀታው ማርሹ ውስጥ በቀጥታ የሚጠመዘዝ ይሁን፤ በወዲያ በኩል በቪቴ የሚታሰር ከሆነ ተወው። ፍሬኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ በሁለት ሊትር ውሃ ሞክረው። ከተረፈህ ገንዘብ 0.35 ናይለን ሁለት ጥቅልና መንጠቆ ጨምርበት።»